ከጦር ግምጃ ቤት እስከ ወረዳ መዝገብ፦ ከሠራዊት የተረፈ ጠመንጃ በማን እጅ፣ በምን ሥርዓት?

ገሱባ፦ አንድ አዛውንት አርሶ አደር በጋቢያቸው የሸፈኑትን አሮጌ ጠመንጃ ይዘው ወደ ወረዳ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ቢመጡና "ይህ ከአባቴ የወረስኩት ነው፤ መዝግቡልኝ" ቢሉ፣ ተረኛው ባለሙያ ምን ብሎ ይመዘግብላቸዋል? የጠመንጃውን ዓይነት ለይቶ ያውቀዋል? የመለያ ቁጥሩ የት እንደተቀረጸስ ያገኘዋል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠመንጃው ከየትኛው የመንግሥት ግምጃ ቤት፣ በማን ትእዛዝና በየትኛው ዘመን እንደወጣ የሚያስረዳ ሰነድ ከየት ያገኛል?

ጥያቄው ለምሳሌነት የቀረበ እንጂ በአንድ በተለየ ግለሰብ ላይ የደረሰ ጉዳይ አይደለም። ሆኖም በወላይታ ዞን የኦፋ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በገሱባም ሆነ በሌሎች የአገራችን ወረዳዎች የጦር መሣሪያ ምዝገባን የማስፈጸም ኃላፊነት የወደቀበት እያንዳንዱ የመንግሥት ሠራተኛ አንድ ቀን ሊገጥመው የሚችል ጥያቄ ነው። መልሱም በአንድ ቅጽ ላይ ባዶ ቦታዎችን በመሙላት ብቻ የሚጠናቀቅ አይደለም።

ከአንድ ሠራዊት አገልግሎት ውጭ የሆነ ጠመንጃ ወደ ሲቪል ሰው እጅ መግባቱ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ ክስተት አይደለም። ዓለም ሁሉ ያለፈበት ነው። ልዩነቱ የሚታየው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በአንዳንድ አገሮች ሰውየው በቅድሚያ ይታወቃል፣ ይሠለጥናል፣ ይመዘገባል፤ ጠመንጃው የሚሰጠው በመጨረሻ ነው። በእኛ አገር ታሪክ ግን በአብዛኛው ጠመንጃው ቀድሞ ገብቷል፤ መዝገቡ ከኋላው ሲከተለው ኖሯል። የዚህ ትንታኔ ዓላማም ይህ ቅደም ተከተል እንዴት እንደተዛባና እንዴት ሊስተካከል እንደሚችል ማመልከት ነው።

የአውሮፓ ትርፍ፣ የኢትዮጵያ ትጥቅ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የአውሮፓ ሠራዊቶች በአጭር ጊዜ ውስጥ ጠመንጃዎቻቸውን ደጋግመው ለውጠዋል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበል የተሰኘውን ጠመንጃ ስትቀበል ቀድሞ የታጠቀችው ግራ ትርፍ ሆነ። ጣሊያንም እ.ኤ.አ. በ1891 ካርካኖን ስትመርጥ የቀድሞው ቬተርሊ ወደ መጋዘን ገባ። መጋዘን የሞላው መሣሪያ ገዢ ይፈልግ ነበር። ነጋዴዎችም ይህን እየገዙ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ በኩል ወደ አፍሪካ ቀንድ ያጓጉዙት ጀመር።

በኋላ ዘመን ስመ ጥር የሆነው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ያመጣው ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ለዚህ ንግድ አንዱ ምሳሌ ነው። ራምቦ ያመጣቸው ጠመንጃዎች በአውሮፓ ጊዜ ያለፈባቸው ቢሆኑም ለንጉሥ ምኒልክ ተሽጠዋል። ከዚህ ሌላ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ጦርነቶች ከግብፅ ሠራዊት የተማረከው መሣሪያ የአገሪቱን ትጥቅ በእጅጉ ማሳደጉ ይታወሳል።

የአማርኛ ቋንቋ ራሱ ለዚህ ታሪክ ምስክር ነው። ውጅግራ የሚለው ስም ከፈረንሳዩ ግራ፣ ለበን ከለበል፣ ስናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ምንሽር ከማንሊከር፣ በልጅግም ከአገሪቱ ከቤልጅግ የተወረሰ ነው። ገበሬውና ወታደሩ የጠመንጃውን ስም ከነዘመኑ በአንደበታቸው መዝግበው አቆይተዋል። በመንግሥት መዝገብ ላይ ያልሰፈረው ነገር በሕዝብ አፍ ላይ ሰፍሯል ማለት ይቻላል።

በዓድዋ ድል ዋዜማ ይህ ትጥቅ የአገርን ነጻነት ለማስከበር ያበረከተው አስተዋጽኦ ከፍተኛ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ጠመንጃው በአገር ውስጥ የኃይል ሚዛንን እንዴት እንደለወጠ ሳይጠቀስ ቢታለፍ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል። ለዚህም ከወላይታ የቀረበ ማስረጃ አይገኝም።

ወላይታና ነፍጥ

የወላይታ መንግሥት ግዛቱን ለዘመናት ሲከላከል የኖረው በጦርና በጋሻ፣ በፈረሰኛ፣ እንዲሁም እስከ ዛሬ ቅሪታቸው በሚታይ ረጃጅም ካቦችና ጉድባዎች ነበር። በ1887 ዓ.ም. የአጼ ምኒልክ ሠራዊት በዘመተ ጊዜ የካዎ ጦና ወታደሮች ብርቱ ተጋድሎ ቢያደርጉም የኃይል ሚዛኑ የተለየ ነበር። አንደኛው ወገን በሺህ የሚቆጠር ጠመንጃ ሲይዝ ሌላው በአብዛኛው ጦር ይዞ ተሰለፈ። በዘመቻው የተገኘው ቫንደርሄም የተባለ ፈረንሳዊ ስላየው እልቂት ጽፏል። ካዎ ጦናም ቆስለው ተማረኩ።

ከዚያ በኋላ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል የሠፈረው ወታደር መጠሪያውን ያገኘው ነፍጥ ከሚለው ቃል ነው። በዚህ ምክንያት ጠመንጃ ለብዙ የደቡብ ማኅበረሰቦች ከመሣሪያነቱ በላይ ትርጉም ነበረው። ማን አዛዥ፣ ማን ታዛዥ እንደሆነ የሚለይ ምልክት ሆኖ ኖሯል። በሌላ በኩል በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል ጠመንጃ የወንድነት ክብር፣ የሠርግና የለቅሶ ማድመቂያ፣ ለልጅ የሚተላለፍ ውርስ ተደርጎ ይታያል። አንድን ሕግ በሁለቱም አካባቢዎች ለመተግበር የሚነሣ ባለሙያ ይህን የታሪክ ልዩነት ሊያውቅ ይገባል። በአንዱ ቦታ "ጠመንጃህን አስመዝግብ" የሚለው ጥሪ እንደ ንጥቂያ ሊታይ ይችላል። በሌላው ቦታ ደግሞ "ማን ታጥቆ ማን ሊቀር ነው?" የሚል ሥጋት ሊያስነሣ ይችላል።

ግምጃ ቤቱ ደጋግሞ ሲከፈት

ከዓድዋ ወዲህ ባለው አንድ ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ የጦር ግምጃ ቤት ቢያንስ አራት ጊዜ ከነመሠረቱ ተለውጧል።

የመጀመሪያው ለውጥ የመጣው ከጣሊያን ወረራ ጋር ነው። ቀደም ብሎ ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር በተፈራረመችው ውል ወደ አገሪቱ የሚገባው መሣሪያ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቁጥጥር ሥር እንዲሆን ተስማምታ ነበር። ከዚህ በኋላ ለክቡር ዘበኛ የተገዙት የቤልጅግ ጠመንጃዎች የይሁዳ አንበሳ ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው። ይህም መንግሥት "ይህ ንብረት የእኔ ነው" ብሎ በብረት ላይ የጻፈው ፊርማ ነበር። የ1928 ዓ.ም. ወረራ ግን ይህን ጅምር አፈረሰው። በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ከጠላት የተማረከው፣ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ተሸናፊው ሠራዊት ጥሎት የሄደው መሣሪያ ያለ መዝገብ በየቤቱ ገባ።

ሁለተኛው ለውጥ የአሜሪካ እርዳታ ነው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ መሣሪያ ተዋጋ። ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. በተፈረመው የመከላከያ ስምምነት መሠረትም ኤም ዋን በመባል የሚታወቁት ጠመንጃዎች ወደ አገራችን ሠራዊት ገቡ። የቀደሙት የቤልጅግና የጣሊያን መሣሪያዎችም ተራቸውን ትርፍ ሆኑ።

ሦስተኛው ለውጥ የደረሰው በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወታደራዊ ግንኙነት ተቋርጦ የሶቪየት ኅብረት መሣሪያ ሲተካ ነው። በዚያው ዓመት በታጠቅ ጦር ሰፈር ለሠለጠነው ግዙፍ የሚሊሻ ሠራዊትና በየገበሬ ማኅበሩ ለተደራጀው የጥበቃ ኃይል ጠመንጃ ታድሏል። አራተኛው ደግሞ ግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ነው። በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠረው ወታደር ወደየቀዬው ሲመለስ ክላሽንኮቭ አብሮት ተመለሰ።

በእነዚህ አራት ወቅቶች ሁሉ ጠመንጃው ከሠራዊቱ ወደ ሕዝቡ ሲተላለፍ ሻጭና ገዢ፣ አስረካቢና ተረካቢ በሰነድ አልተገናኙም። አዛውንቱ አርሶ አደር በጋቢያቸው ሸፍነው ያመጡት ጠመንጃ ከእነዚህ ከአንዱ ዘመን የተረፈ ነው። ሰነድ የለህም ተብሎ ባለቤቱ ቢወቀስ ወቀሳው ፍትሐዊ አይሆንም፤ በጊዜው ሰነድ የሚሰጥ አካል አልነበረምና።

አንድ ጠመንጃ፣ ሁለት መንገድ

ትርፍ ጠመንጃን በሥርዓት ማስተላለፍና ያለ ሥርዓት መልቀቅ ምን ያህል እንደሚለያዩ ለመረዳት የአሜሪካን ተሞክሮ መመልከት ይጠቅማል። ተሞክሮው የሚነሣው እንዳለ ተገልብጦ ይወሰድ ለማለት አይደለም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት መሣሪያ መያዝን የዜጎች መብት አድርጎ ሲደነግግ በእኛ አገር ግን በፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው። ነገር ግን ትምህርት የሚገኝበት ገጽታ አለው።

የአሜሪካ መንግሥት ወታደሮቹ በዒላማ ተኩስ ደካሞች መሆናቸውን በማየት እ.ኤ.አ. በ1903 የጠመንጃ ተኩስ ልምምድን የሚያበረታታ ብሔራዊ ቦርድ አቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ ሠራዊቱ የማይፈልጋቸው ጠመንጃዎች ለተኩስ ክበቦች እንዲሸጡ ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1916 ሥራውን የሚመራ የሲቪል ዒላማ ተኩስ ዳይሬክተር ተሾመ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ፕሮግራሙ ከሠራዊቱ ወጥቶ ትርፍ ለማያገኝ ድርጅት ተላለፈ። ፕሮግራሙ በስፋት የሚታወቀው ኤም ዋን ጋራንድ የተሰኘውን ጠመንጃ በመሸጥ ሲሆን፣ ይህም በቃኘው ዘማቾች ዘመን የነበረው ያው የአሜሪካ መሣሪያ ነው። ለወዳጅ አገሮች ተሰጥተው የነበሩ ጠመንጃዎች ከጊዜ በኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሰው በዚሁ መንገድ ተሽጠዋል።

የዚህ ፕሮግራም ቁም ነገር ከሽያጩ በፊት ባሉት ደረጃዎች ላይ ነው። ገዢው ዜግነቱንና ዕድሜውን በማስረጃ ያረጋግጣል። የታወቀ የተኩስ ክበብ አባል መሆን ይጠበቅበታል። በዒላማ ተኩስ ልምምድ ወይም ውድድር መሳተፉን ያሳያል። የወንጀል ሪከርዱ ይጣራል። ጠመንጃው በመለያ ቁጥሩ ተመዝግቦ በስሙ የሚወጣለት እነዚህን ሁሉ ካሟላ በኋላ ነው። ጆን ኬኔዲም ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት እ.ኤ.አ. በ1959 በዚሁ ፕሮግራም አማካይነት አንድ ኤም ዋን ጋራንድ ገዝተው ነበር።

በዚያው አገር ግን ሌላ መንገድም ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1963 አንድ ሰው በሐሰት ስም በፖስታ አዝዞ፣ በቺካጎ ከሚገኝ ነጋዴ ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ በ19 ዶላር ከ95 ሳንቲም አንድ የጣሊያን ትርፍ ጠመንጃ ገዛ። ገዢው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ነበር። ጠመንጃው ከጣሊያን ጦር የተረፈ ካርካኖ ሲሆን፣ ዓለም ማንሊከር ካርካኖ በሚል ስም ያወቀው፣ በእኛ አገር ምንሽር ከሚባለው ወገን የሚቆጠር ነው። ሻጩ ገዢውን አላየውም፤ ስሙ እውነተኛ መሆኑንም አላጣራም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በዳላስ ከተማ የተገደሉት በዚሁ ጠመንጃ ነው።

እዚህ ላይ ለመዝገብ ሥራ ባለሙያዎች ልዩ ትርጉም ያለው ነጥብ አለ። በጠመንጃው ላይ ሲ 2766 የሚል መለያ ቁጥር ተቀርጾ ነበር። መርማሪዎች ይህን ቁጥር ተከትለው ከአስመጪው ወደ ቺካጎው ነጋዴ፣ ከነጋዴው ወደ ፖስታ ሳጥኑ ለመድረስ የወሰደባቸው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ይህም መዝገብ ሁለት ጥቅሞች እንዳሉት ያሳያል። አንደኛው ወንጀል ከተፈጸመ በኋላ ዱካን መከተል ሲሆን ሁለተኛው ወንጀሉ እንዳይፈጸም አስቀድሞ መከላከል ነው። በዳላሱ ጉዳይ የመጀመሪያው ተሳክቷል፤ ሁለተኛው ግን አልነበረም፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ሲመዘገብ ሰውየው አልተመዘገበም። አሜሪካ ይህን ክፍተት ለማጥበብ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣችው ሕግ ጠመንጃ በፖስታ ለግለሰብ እንዳይሸጥ ከልክላለች፤ የውጭ አገር ትርፍ የጦር ጠመንጃዎች ማስገባትንም ገድባለች።

ሁለቱም ጠመንጃዎች የሠራዊት ትርፍ ነበሩ። ሁለቱም በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን ለሲቪል ሰው ተሸጡ። የለያቸው ብረቱ ሳይሆን የተላለፉበት ሥርዓት ነው።

አዋጅ ቁጥር 1177/2012

በአገራችን የጦር መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝና መነገድ በወንጀል ሕጉ የሚያስቀጣ ሆኖ ቢቆይም፣ ማን፣ በምን ሁኔታ ፈቃድ ሊያገኝ እንደሚችል የሚዘረዝር የተሟላ ሕግ ለረጅም ጊዜ ሳይኖር ቆይቷል። ኢትዮጵያ ሚያዝያ 13 ቀን 1996 ዓ.ም. የአነስተኛና ቀላል የጦር መሣሪያዎችን ሥርጭት ለመቆጣጠር የወጣውን የናይሮቢ ፕሮቶኮል መፈረሟ የሚታወስ ነው። ፕሮቶኮሉ አባል አገሮች መሣሪያዎችን በመለያ ምልክት እንዲለዩ፣ መዝገብ እንዲይዙና ትርፍ የሆነውን ለይተው በአግባቡ እንዲያስወግዱ ይጠይቃል።

የሕገ ወጥ መሣሪያ ዝውውር እየተስፋፋ መምጣቱ ግን የሕጉን መውጣት አጣዳፊ አደረገው። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው መረጃ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ33 ሺህ በላይ ሽጉጦች፣ 275 ጠመንጃዎች፣ 21 መትረየሶችና 300 ሺህ ጥይቶች መያዛቸውን አስታውቆ ነበር። አኃዙ በጥሞና ሲታይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች እንዳሉ ያመለክታል። በአዲስ የሚገባው ሕገ ወጥ መሣሪያ በአብዛኛው በቀላሉ የሚደበቅ ሽጉጥ ነው። ቀደም ሲል የገባውና በየቤቱ የተቀመጠው ደግሞ ጠመንጃ ነው። የመጀመሪያው በኬላና በፍተሻ የሚገታ ሲሆን ሁለተኛው የሚፈታው በምዝገባ ነው። ሁለቱን አቀላቅሎ በአንድ ዓይን መመልከት አዛውንቱን አርሶ አደር ከኮንትሮባንድ ነጋዴው ጋር አንድ ያደርጋቸዋል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይህን ክፍተት ለመሙላት የወጣ ነው። አዋጁ ግለሰቦች የጦር መሣሪያ እንዳይነግዱና ወደ አገር እንዳያስገቡ ይከለክላል። በየትኛው አካባቢ፣ ምን ዓይነት መሣሪያ፣ በምን ያህል ብዛት፣ በስንት ዓመት ዕድሜ ላይ ላለ ሰው ሊፈቀድ እንደሚችል የሚወሰንበትንም ሥርዓት ዘርግቷል። የቁጥጥሩን ሥራ በበላይነት እንዲመራም ለፌዴራል ፖሊስ ኃላፊነት ተሰጥቷል።

አዋጁ በመርሕ ደረጃ ያደረገው ትልቁ ለውጥ የተዛባውን ቅደም ተከተል ማቃናቱ ነው። ከጠመንጃው በፊት ሰውየው እንዲታወቅ ይፈልጋል። ሆኖም ጠመንጃው አስቀድሞ በሰው እጅ ባለበት አገር ይህን ቅደም ተከተል ማስፈጸም አዲስ ከመሸጥ ይልቅ እጅግ የከበደ ነው። የአሜሪካው ፕሮግራም ሠራተኛ መስፈርቱን ያላሟላ አመልካች ቢመጣበት ጠመንጃውን ከመጋዘን አለማውጣት ይበቃዋል። የእኛ የወረዳ ባለሙያ ግን ጠመንጃው አስቀድሞ በአመልካቹ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። የአዋጁ አፈጻጸም የሚፈተነውም በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ሦስት ዓይነት ጠመንጃ

በአንድ ወረዳ ውስጥ ሊገኝ የሚችለው ጠመንጃ በምንጩ ሲታይ በሦስት ሊከፈል ይችላል፤ ለሦስቱም የሚያስፈልገው አሠራር የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ለቀበሌ ሚሊሻ የተሰጠ የመንግሥት ጠመንጃ ነው። ይህ የግል ንብረት አይደለም። ተረካቢው ሲሞት፣ ሲለቅ ወይም ከኃላፊነት ሲነሣ ተመላሽ መሆን አለበት። እንደ ማንኛውም የመንግሥት ንብረት የገቢና የወጪ ሰነድ፣ የርክክብ ፊርማና ወቅታዊ ቆጠራ ያስፈልገዋል። ለጽሕፈት ቤት የተሰጠን ኮምፒዩተር ወይም ሞተር ብስክሌት በየዓመቱ የሚቆጥር የንብረት ክፍል ጠመንጃን ሳይቆጥር የሚያልፍበት ምክንያት አይኖርም። የነገው ውርስ ጠመንጃ የሚፈጠረው ዛሬ ያልተመለሰው የሚሊሻ ጠመንጃ በቤት ሲቀር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ሁለተኛው በውርስ ወይም በቀድሞ ዘመን ዕደላ በግለሰብ እጅ የሚገኘው ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ግልጽ ጥሪ፣ የማያጉላላ መስተንግዶና ባለቤቱ የሚያምነው ደረሰኝ ነው። ለማስመዝገብ በራሱ ፈቃድ የመጣን ሰው እንደ ተጠርጣሪ ማስተናገድ የሚቀጥሉትን አሥር ሰዎች ከቤታቸው እንዳይወጡ ያደርጋል። በአንጻሩ በአግባቡ የተስተናገደ አንድ ሰው ለጎረቤቶቹ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይናገራል።

ሦስተኛው በሕገ ወጥ ንግድ የገባው ነው። ይህ የምዝገባ ሳይሆን የምርመራ ጉዳይ ነው። መያዝ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። የተያዘው መሣሪያ መለያ ቁጥሩ፣ የተያዘበት ቦታና ቀን፣ የተረከበው ኤግዚቢት ክፍል ካልተመዘገበ መሣሪያው በሌላ በር ወደ ገበያ የመመለስ ዕድል ይኖረዋል።

ከእነዚህ ሌላ አንድ ትኩረት የሚሻ ጉዳይ አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ የጦር ጠመንጃዎች በአሜሪካ ለሰብሳቢዎች ገበያ ሲቀርቡ ታይቷል። ከእነዚህም መካከል የዓድዋ ዘመን ቬተርሊዎች፣ ካርካኖዎችና የአንበሳ ምልክት ያላቸው የቤልጅግ ጠመንጃዎች ይገኙበታል። ጊዜ ያለፈበትን መሣሪያ ከአገር ማስወጣት ከጸጥታ አንጻር የሚደገፍ ነው። ነገር ግን አንድ ጠመንጃ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ከመታየቱ በፊት በቅርስነቱ ሊመረመር ይገባዋል። ሰብሳቢው ውቅያኖስ ተሻግሮ ዋጋ የሰጠውን የአንበሳ ምልክት እኛ በመዝገባችን ላይ ሳናሰፍረው ብንቀር የምናጣው ብረቱን ብቻ አይሆንም። እንዲህ ያለው መሣሪያ ከተኩስ አገልግሎት ውጭ ተደርጎ ለዞንና ለክልል ሙዚየሞች የሚተላለፍበት አሠራር ቢኖር ታሪክም ጸጥታም ይጠበቃሉ።

በወረዳው ጠረጴዛ ላይ

ወላይታ ዞን በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ሲሆን ወላይታ ሶዶም የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆና ተሰይማለች። ክልል በአዲስ መልክ ሲደራጅ የሠራተኛ ምደባ፣ የበጀትና የንብረት ክፍፍል ብዙ ትኩረት ይወስዳሉ። የመሣሪያ መዝገብም በዚህ ሽግግር መካከል እንዳይጠፋ፣ ገጾቹም ከነባሩ ክልል ወደ አዲሱ በተሟላ ርክክብ እንዲተላለፉ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በመልሶ ማደራጀት ወቅት የጠፋ የሰው ኃይል ማኅደር ደመወዝ ያዘገያል፤ የጠፋ የመሣሪያ ማኅደር ግን የሚያስከትለው ጉዳት ከዚህ የከፋ ነው።

ጉዳዩ አገር አቀፍ ገጽታም አለው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ትጥቅ መፍታትን አንዱ ምሰሶው አድርጓል፤ የቀድሞ ተዋጊዎችን መልሶ የሚያቋቁም ብሔራዊ ኮሚሽንም ተመሥርቷል። ከ1933 እና ከ1983 ዓ.ም. የምንማረው፣ ጦርነት በተጠናቀቀ ማግስት ያልተመዘገበ ጠመንጃ ከሃምሳ ዓመት በኋላም እንደማይመዘገብ ነው። የልጅ ልጅ "ከአባቴ ወረስኩ" ብሎ ይዞት ይመጣል። በመሆኑም በየደረጃው የሚደረግ ርክክብ በመለያ ቁጥር የተደገፈ እንዲሆን ማድረግ ከዛሬ ባሻገር የሚመጣውን ትውልድ ጸጥታ መጠበቅ ነው።

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ተረኛው ባለሙያ አዛውንቱን ምን ይጠይቃቸው? በመጀመሪያ መቀመጫ ይስጣቸው። ቀጥሎ ጠመንጃው ጥይት ያልጎረሰ መሆኑን ያረጋግጥ። ከዚያም የሰውየውን ማንነት፣ አድራሻና ወራሽ ይመዝግብ። የጠመንጃውን ስም ሕዝቡ በሚጠራበት ቃል፣ ምንሽርም ሆነ በልጅግ፣ ይጻፍ። በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር፣ ዓመተ ምሕረትና ምልክት ራሱ አይቶ በጥንቃቄ ይገልብጥ፤ ፎቶግራፍም ያንሣ። የአሮጌ ጠመንጃዎች ቁጥር ከተለያዩ ፋብሪካዎች ሊደጋገም ስለሚችል ምልክቱንና ዓመቱን ከቁጥሩ ጋር ማጣመር አስፈላጊ ነው። የአመጣጡን ታሪክ አዛውንቱ እንደተናገሩት በአጭሩ ያስፍር። በመጨረሻም ፈቃድ ሊሰጣቸው የሚችል ከሆነ የሚከተለውን ሂደት፣ የማይችል ከሆነም ምክንያቱንና የርክክቡን ሥርዓት በግልጽ ያስረዳ፤ ማኅተም ያለበት ደረሰኝም ይስጥ።

ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድ ሥራ አይደለም። የሚጠይቀው ቀላል ሥልጠና፣ የጠመንጃ ዓይነቶችን በሥዕል የሚያሳይ አጭር መመሪያ፣ ከወረዳ እስከ ክልል አንድ ዓይነት የሆነ ቅጽና መዝገቡን በኃላፊነት የሚይዝ ሰው ነው። የክልልና የዞን የጸጥታ አካላት እነዚህን አሟልተው ለወረዳዎች ማድረስ ሲጠበቅባቸው፣ የወረዳና የቀበሌ አመራሮች ደግሞ የሚሊሻ መሣሪያ ቆጠራን የዓመታዊ ዕቅዳቸው አካል ሊያደርጉት ይገባል።

ትርፍ ጠመንጃ ወደ ኢትዮጵያ መምጣት ከጀመረ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ጠመንጃው ከመንግሥት ወደ መንግሥት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲሸጋገር መዝገቡ አብሮት አልተሸጋገረም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ሕጉ ወጥቷል። የቀረው ሥራ በገሱባና በመሰል ከተሞች በሚገኙ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ መዝገብና በአንድ ትጉህ ሠራተኛ የሚከናወን ነው። ይህን ሥራ እንደ ተራ የወረቀት ጣጣ ሳይሆን የሰውን ሕይወት እንደሚጠብቅ ሥራ አይቶ የሚፈጽም ሠራተኛ ለአካባቢው ሰላም የሚያበረክተው ድርሻ በኬላ ላይ ቆሞ ከሚያድረው ባልደረባው አያንስም።